«አንድ ናቸው» የተባሉት ሁለት ኪኒኖች

ባለፈው ክረምት የአክስቴ የልብ መድኃኒት አለቀ። ሦስት ፋርማሲ ዞረች፤ የለም። አራተኛው ላይ ያገኘችው ወጣት ፋርማሲስት ማዘዣዋን አይቶ «ማዘር፣ ሜቶፕሮሎል ከገበያ ጠፍቷል። አቴኖሎል ግን አለ። አንድ ናቸው፤ ይህን ይውሰዱ» አላት። በቅንነት ነው። አክስቴም መርቃው ወጣች።

ከወር በኋላ ለክትትል ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ። ሐኪሟ የኪኒኑን እሽግ አገላብጦ አየና «እማማ፣ ይህን ማን ቀየረብዎት?» አላት።

«አንድ ናቸው ብለውኝ ነው፣ ልጄ።»

«ለግፊት ብቻ ቢሆን ሌላ ወሬ ነበር። ለእርስዎ ልብ ግን አንድ አይደሉም» አለና የቀድሞውን መልሶ ጻፈላት። ደግነቱ የከፋ ነገር አልደረሰባትም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ሁለቱም ስማቸው በ«ኦሎል» ያልቃል፤ ሁለቱም የልብ ምት ያረጋጋሉ፣ ግፊት ያወርዳሉ፤ ሁለቱም ርካሽ ናቸው። ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ፍለጋ ስገባ ያገኘሁት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ ነው። ታሪኩ ስለ ሁለት ኪኒኖች ቢሆንም በውስጡ ሁላችንንም የሚነካ ጥያቄ አለ፦ አንድ መድኃኒት «ይሠራል» ስንል ምን ማለታችን ነው? የሚሠራውስ ለማን ነው? (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአድሬናሊን በሮች

ስንደነግጥ፣ ስንቆጣ፣ ዳገት ስንወጣ ሰውነታችን አድሬናሊን ይረጫል። ልብ በፍጥነትና በኃይል ይመታል፣ ግፊት ይጨምራል። ይህ ከታወቀ ቆይቷል። ያልታወቀው ያው አንድ አድሬናሊን አንዱን የደም ሥር እያጠበበ ሌላውን እንዴት እንደሚያሰፋ ነበር።

መልሱን በ1948 ያቀረበው በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ኦገስታ ከተማ ያስተምር የነበረው ሬይመንድ አልኲስት ነው። አድሬናሊን ወደ ሥራ የሚገባባቸው በሮች ሁለት ዓይነት ናቸው አለ፤ አልፋና ቤታ ብሎም ሰየማቸው። ጽሑፉን መጀመሪያ የላከለት የሙያ መጽሔት አልቀበልም ብሎ መለሰበት። በሌላ መጽሔት ከወጣ በኋላም ለዓመታት ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው ጥቂት ነበር።

ከቆጠሩት ጥቂቶች አንዱ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ ነው። በዚያ ዘመን ልቡ በቂ ደም ለማያገኝና ደረቱን ለሚወጋው ሕመምተኛ የሚታሰበው መፍትሔ ወደ ልብ የሚሄደውን ደም መጨመር ነበር። ብላክ ነገሩን ገልብጦ አየው። ገቢ መጨመር ካቃተ ወጪ መቀነስ ይቻላል፤ የቤታን በር ዘግተን ልብን ከአድሬናሊን ጥድፊያ ብናሳርፋት ባላት ደም ትብቃቃለች አለ። በ1958 አይ.ሲ.አይ. የተባለው የብሪታንያ የኬሚካል ኩባንያ ቀጠረውና ሥራውን ጀመረ።

የመጀመሪያው ሙከራ ፕሮኔታሎል አይጦች ላይ ዕጢ በማሳየቱ ተተወ። ሁለተኛው ፕሮፕራኖሎል ግን ተሳካ፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ ለሕዝብ ደረሰ። ዛሬም በየፋርማሲው አለ። ብላክ በ1988 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ከተጠቀሱለት ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው።

የፕሮፕራኖሎል ዓላማ የደረት ውጋት ነበር። ግፊትን ጭምር እንደሚያወርድ ያስተዋለው የለንደኑ ሐኪም ብሪያን ፕሪቻርድ ነው፤ በ1964 ሲጽፈው ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ አላመኑትም። ልብን የሚያዘገይ መድኃኒት ግፊትን እንዴት ለዘለቄታው ያወርዳል? የሚል ነበር ክርክራቸው። ውለው አድረው ግን አመኑ። ቤታ ብሎከር የሚባለው ቤተሰብም እንዲህ ተወለደ።

ከአደጋ የተወለደው አቴኖሎል

ፕሮፕራኖሎል አንድ ትልቅ ችግር ነበረበት። የቤታ በሮች ራሳቸው ሁለት ዓይነት መሆናቸው በኋላ ታወቀ። አንደኛው በብዛት ያለው ልብ ላይ ነው። ሁለተኛው ሳንባ ውስጥ የአየር ቧንቧን ክፍት ያደርጋል። ፕሮፕራኖሎል ሁለቱንም ይዘጋል። ስለዚህ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው።

አይ.ሲ.አይ. የልቡን በር ብቻ ለይቶ የሚዘጋ ሲፈልግ ፕራክቶሎልን አገኘ። በ1970 ገበያ ላይ ዋለ፤ ሐኪሞችም ወደዱት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የቆዳና የዓይን ሐኪሞች እንግዳ ነገር ማየት ጀመሩ። ፕራክቶሎል ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ሰዎች ቆዳቸው ይቆጣል፣ ዓይናቸው እንባ አልባ ሆኖ ይደርቃል፤ ማየት የተሳናቸውም ነበሩ። የሆድ ዕቃቸው ሽፋን ጠጥሮ አንጀታቸው የታነቀባቸውም ነበሩ። በእንስሳት ላይ በተደረገው ምርመራ ይህ አልታየም ነበር። በ1975 መድኃኒቱ ከመደበኛ አገልግሎት መውጣት ጀመረ።

አቴኖሎል የተወለደው በዚህ አደጋ ማግስት ነው። በ1976 ብሪታንያ ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ የተሸከመው ተስፋ ከባድ ነበር፤ የልቡን በር ይምረጥ፣ እንደ ፕራክቶሎል አይጉዳ። ውሃ ውስጥ በቀላሉ የሚሟሟ ስለሆነ ወደ አንጎል እምብዛም አይገባም፤ በመሆኑም ቅዠት የማብዛት ጣጣው አነስተኛ ነው። ጉበትንም ብዙ አያስቸግርም፤ እንዳለ በኩላሊት ይወጣል። በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል ተባለ። ሐኪምም ሕመምተኛም የሚፈልገው ይህን ነበር። በ1980ዎቹ በዓለም እጅግ ከተሸጡ መድኃኒቶች አንዱ ሆነ።

የጎተንበርጉ ወንድም

በዚያው ዘመን፣ ከሰሜን ባሕር ማዶ፣ ስዊድን ውስጥ ሌላ ቡድን ያንኑ ሽልማት ያሳድድ ነበር። ጎተንበርግ አጠገብ የነበረው ሄስለ የአስትራ ኩባንያ አካል ነው። ተመራማሪዎቹ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሜቶፕሮሎልን ሠሩ፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ለሕመምተኛ ደረሰ።

ሜቶፕሮሎልም እንደ አቴኖሎል የልቡን በር ይመርጣል። ነገር ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ስብ ውስጥ ስለሚሟሟ ወደ አንጎል ይዘልቃል። ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት እንዳለ ሳይሆን ጉበት ውስጥ አንድ ኢንዛይም ከፈጨው በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ተራው ኪኒን በቀን ሁለት ጊዜ መዋጥ አለበት። ስዊድናውያኑ ለዚህ መላ ዘየዱ። መድኃኒቱን ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት እንዲለቅ አድርገው እንደገና ሠሩት። የመጀመሪያው ዓይነት ታርትሬት፣ ሁለተኛው ሰክሲኔት የሚል ቅጥያ አለው። ቅጥያዋን ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ ትመጣለች።

ለጊዜው ሁለቱም ወንድማማቾች በክብር ላይ ነበሩ። በ1981 የጎተንበርግ ሐኪሞች ሃርት አታክ ይዟቸው ሆስፒታል የገቡ 1,395 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ለግማሾቹ ሜቶፕሮሎል፣ ለግማሾቹ መድኃኒትነት የሌለው አስመሳይ ሰጡ። በ90 ቀን ውስጥ አስመሳዩን ከወሰዱት 62፣ ሜቶፕሮሎል ከወሰዱት 40 ሞቱ። በ1986 ደግሞ አይሲስ አንድ የተባለው ጥናት 16,027 ሰዎችን ይዞ አቴኖሎልን ፈተነ። በመጀመሪያው ሳምንት ከልብና ከደም ሥር ጋር በተያያዘ የሞቱት በ15 በመቶ ገደማ ቀነሱ።

ይህን ያየ ሰው «አንድ ናቸው» ቢል አይፈረድበትም። የፋርማሲስቱ ዓረፍተ ነገር ሥሩ እዚህ ነው። ችግሩ ታሪኩ እዚህ አለመቆሙ ነው።

የደከመ በሬ

የልብ ድካም ማለት ልብ ደሙን ለመርጨት አቅም ሲያንሳት ነው። እግር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ በጀርባ መተኛት ያስቸግራል። የአክስቴ ሕመም ይህ ነው።

በ1970ዎቹ ማንኛውም የሕክምና ተማሪ ለዚህ ሕመም ቤታ ብሎከር መስጠት ነውር መሆኑን ያውቅ ነበር። የደከመን ልብ የበለጠ የሚያዘገይ መድኃኒት መስጠት ሰውን መግደል ነው ይባላል። የጎተንበርጉ ሐኪም ፊን ቫግስታይንና ባልደረቦቹ ግን በሌላ ዓይን አዩት። የደከመ በሬ በጅራፍ ሲገረፍ ጥቂት ይሮጣል፣ ከዚያ ይወድቃል። አድሬናሊን ለደከመች ልብ ጅራፍ ነው። ጅራፉን ብንቀማስ?

በ1975 በዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች ስላከሟቸው 7 ሰዎች ጻፉ። ሰዎቹ ተሽሏቸው ነበር። ዓለም ግን ሳቀ። ሰባት ሰው ምን ያስረዳል? ቡድኑ ተስፋ ሳይቆርጥ ከሃያ ዓመት በላይ ገፋ። ምሥጢሩ በጣም ጥቂት ሰጥቶ በሳምንታት ልዩነት ቀስ እያሉ መጨመር ነው። በጥድፊያ ከተሰጠ የጥንቱ ፍርሃት እውነት ይሆናል።

ፍርዱ በ1999 መጣ። ሜሪት ኤች ኤፍ የተባለው ጥናት በአውሮፓና በአሜሪካ የልብ ድካም ያለባቸው 3,991 ሰዎችን አሳተፈ። የተሰጣቸው ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ሜቶፕሮሎል ሰክሲኔት ነው። አስመሳዩን ከወሰዱት 217፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 145 ሞቱ። ሞት በ34 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። ውጤቱ ግልጽ ስለነበር ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ በፊት ቆመ። ሃያ አራት ዓመት የተሳቀበት ሐሳብ የሕክምና መመሪያ ሆነ።

አቴኖሎልስ? አቴኖሎል በዚህ ፈተና አልተቀመጠም። ለልብ ድካም እንዲህ ባለ ትልቅ ጥናት አልተሞከረም። ስለዚህ የአሜሪካ መመሪያ ለዚህ ሕመም ሞት እንደሚቀንሱ የተረጋገጠላቸው ብሎ የሚዘረዝራቸው ቤታ ብሎከሮች ሦስት ናቸው፦ ቢሶፕሮሎል፣ ካርቬዲሎልና ሜቶፕሮሎል ሰክሲኔት። አቴኖሎል የሌለው ወድቆ አይደለም፤ ማስረጃ ስለሌለው ነው። የአክስቴ ሐኪም «ለእርስዎ ልብ አንድ አይደሉም» ሲል ይህን ማለቱ ነበር።

አሁን ወደ ቅጥያዋ እንመለስ። በ2003 ኮሜት የተባለ ጥናት የልብ ድካም ያለባቸው 3,029 ሰዎች ላይ ካርቬዲሎልን ከሜቶፕሮሎል ጋር አፎካከረ። ካርቬዲሎል ከወሰዱት 34 በመቶ፣ ሜቶፕሮሎል ከወሰዱት 40 በመቶ ሞቱ። ነገር ግን የተሰጠው ሜቶፕሮሎል ታርትሬት ነበር፤ መጠኑም በሜሪት ከታለመው ያነሰ ነው። ካርቬዲሎል በእርግጥ ስለሚበልጥ ነው ወይስ ተፎካካሪው በማይሆን ልብስ ስለቀረበ? ክርክሩ ብዙ ዓመት ፈጀ። ከክርክሩ ለእኛ የሚተርፈን ቁም ነገር ግን ይህ ነው፦ ሜቶፕሮሎል የሚለው ስም ብቻውን እንኳ አይበቃም። ከስሙ ቀጥሎ ያለችው ቃል የሰው ዕድሜ ልትይዝ ትችላለች።

ቁጥሩ ወረደ፤ ሰውየውስ?

ያ 1999 ሌላም አስገራሚ ነገር አለው። የአይ.ሲ.አይ. የመድኃኒት ክፍል በ1993 ተለይቶ ዜኔካ የሚባል ኩባንያ ሆኖ ነበር። በ1999 ዜኔካና አስትራ ተዋሐዱ፤ አስትራዜኔካ ተወለደ። በኮቪድ ክትባት የምናውቀው ማለት ነው። ለሃያ ዓመት ሲፎካከሩ የኖሩት የእንግሊዙ አቴኖሎልና የስዊድኑ ሜቶፕሮሎል በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። ወዲያው ደግሞ የአንደኛው ኮከብ መውረድ ጀመረ።

በ2002 ላይፍ የተባለው ጥናት ውጤት ወጣ። ግፊት ያለባቸውና ልባቸው የወፈረ 9,193 ሰዎች ግማሾቹ አቴኖሎል፣ ግማሾቹ ሎሳርታን ወሰዱ። ሁለቱም ግፊትን በእኩል ደረጃ አወረዱ። ስትሮክ ግን ሎሳርታን በወሰዱት ላይ በ25 በመቶ ያነሰ ነበር። በ2004 የስዊድኑ ኡሚዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ። አቴኖሎል ከአስመሳይ ኪኒን ጋር ሲነጻጸር ግፊትን በደንብ ያወርዳል፤ በሞትና በሃርት አታክ ላይ ግን ልዩነት አላገኙበትም። ከሌሎች የግፊት መድኃኒቶች ጋር ሲነጻጸር ደግሞ አቴኖሎል በወሰዱት ዘንድ ሞት ከፍ ያለ ነበር። በ2005 አስኮት የተባለው ጥናት 19,257 ሰዎችን ይዞ አምሎዲፒንን መነሻ ያደረገውን ሕክምና አቴኖሎልን መነሻ ካደረገው ጋር አወዳደረ፤ የአምሎዲፒኑ ወገን በልጦ ተገኘ።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንዲሉ ሆነ። የግፊቱ ቁጥር ወርዷል፤ ከቁጥሩ መውረድ ይገኛል የተባለው ጥቅም ግን በሚጠበቀው ልክ አልታየም።

ለምን? በ2006 የወጣ የአስኮት ንዑስ ጥናት አንድ ፍንጭ ሰጠ። እኛ ግፊት የምንለካው ክንድ ላይ ነው። አንጎልና ልብ የሚቀምሱት ግን ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ውስጥ ያለውን ግፊት ነው። በሁለቱ መድኃኒቶች የክንዱ ቁጥር እኩል ሆኖ ሳለ መሐል ላይ ያለው ግፊት አቴኖሎል በወሰዱት ላይ በ4.3 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከፍ ብሎ ተገኘ። ልብ ስትዘገይ እያንዳንዱ ምት ይረዝማል፤ ከዳር የሚመለሰው የደም ሞገድ ልብ ገና እየገፋች ሳለች ይደርስባታል። ሌሎች ደግሞ አቴኖሎል በቀን አንዴ መዋጡ ለ24 ሰዓት ሳይበቃ ቀርቶ ይሆናል ይላሉ።

እንደ ጋዜጠኛ አንድ ነገር ልጨምር። ላይፍን በገንዘብ የደገፈው የሎሳርታን አምራች ነው፤ አስኮትንም በዋናነት የደገፈው የአምሎዲፒን አምራች ነው። ይህ ውጤቱን ሐሰት አያደርገውም። ግን ማን እንዲሮጥ፣ ከማን ጋር እንደሚሮጥና በየትኛው ሜዳ እንደሚሮጥ የሚመርጠው ማን እንደሆነ ማወቅ ጥሩ ነው። ያም ሆነ ይህ በ2006 የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ ቤታ ብሎከሮችን ከግፊት የመጀመሪያ ተመራጭነት አወረደ። የወረደው አቴኖሎል ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ በሙሉ ነው። ሜቶፕሮሎልም ለግፊት ብቻ ከሆነ ከወንድሙ እንደሚሻል የሚያሳይ የዚያን ያህል ማስረጃ አልነበረውም።

ጀግናውም ተፈተነ

እስካሁን ያነበበ ሰው ሜቶፕሮሎል ጀግና፣ አቴኖሎል ደካማ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። አይቸኩል።

በ2005 ቻይና ውስጥ ሃርት አታክ የያዛቸው 45,852 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ወጣ። ሜቶፕሮሎል ወዲያው በመርፌ ተጀምሮ በኪኒን ሲቀጥል የዳግም ሃርት አታክን ቢቀንስም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልባቸው መርጨት አቅቷት የሚወድቁትን አበዛ፤ በጠቅላላው ሞት ላይ ለውጥ አላመጣም። በ2008 ፖይዝ የተባለው ጥናት ቀዶ ሕክምና የሚጠብቃቸው 8,351 ሰዎችን ይዞ ያንኑ የተመሰገነውን ሰክሲኔት ከቀዶ ሕክምናው ሰዓታት በፊት ጀመረላቸው። ሃርት አታክ ቀነሰ፤ ስትሮክና ሞት ግን ጨመሩ። ሜሪት ላይ ሕይወት ያተረፈው ኪኒን ያለ ቦታው ሲገባ ሕይወት ወሰደ።

በ2024 ደግሞ ነገሩ ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ። አብዛኞቹ ስዊድናውያን የሆኑ 5,020 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት አንድ ጥያቄ አነሳ፦ ሃርት አታክ ይዞት በዘመናዊ መንገድ ታክሞ የልቡ ጉልበት ያልተጎዳ ሰው ቤታ ብሎከር ያስፈልገዋል? የተሰጣቸው ሜቶፕሮሎል ወይም ቢሶፕሮሎል ነው። ከወሰዱት 7.9 በመቶ፣ ካልወሰዱት 8.3 በመቶ ሞቱ ወይም ሃርት አታክ ደገማቸው። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። በ1981 ጎተንበርግ ላይ ሕይወት ያተረፈው መድኃኒት ዛሬ የተዘጋውን የደም ሥር መክፈት በሚቻልበት ዘመን ለእነዚህ ሰዎች የሚጨምርላቸው አልተገኘም። በ1981ዱ ጥናት ስሕተት አልነበረም፤ ዘመኑና ሕክምናው ተለወጠ እንጂ። እኔን የደነቀኝ የገዛ አገሩ ሐኪሞች የኩራት ልጃቸውን እንደገና ለመፈተን አለማፈራቸው ነው።

የእኛ ጉበት

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ሜቶፕሮሎልን የሚፈጨው የጉበት ኢንዛይም ሲ.ዋይ.ፒ. 2ዲ6 ይባላል ብላችሁ እለፉት። ይህን ኢንዛይም የሚያዘው ጂን ከሰው ሰው ይለያያል። አንዳንዱ የማይሠራ ጂን ይዞ ይወለዳል፤ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ይጠራቀምበታል። አንዳንዱ ደግሞ ጂኑ ተባዝቶ ሁለት ሦስት እየሆነ ይወለዳል፤ መድኃኒቱን ቶሎ ፈጭቶ ይጨርሳል።

በ1996 ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ ስቶክሆልም ካሮሊንስካ ካሉ ባልደረቦቿ ጋር አንድ ጥናት አወጣች። ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ጂኑ ተባዝቶ የተገኘባቸው ነበሩ። ስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ ገደማ ነው። ልብ በሉ፤ ሜቶፕሮሎል የተሠራው ስዊድን፣ በመጀመሪያ የተፈተነውም ስዊድናውያን ላይ ነው። የእኛ ጉበት ግን ያንን ኪኒን የሚያስተናግደው በሌላ ፍጥነት ሊሆን ይችላል። አቴኖሎልን ይህ አይነካውም፤ በጉበት በኩል እምብዛም አያልፍምና። የእሱ ጣጣ ኩላሊት ነው፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል።

ይህ ማለት ሜቶፕሮሎል ለኢትዮጵያዊ አይሠራም ማለት አይደለም። ሐኪሙ የልብ ምት እየቆጠረ፣ ግፊት እየለካ መጠኑን የሚያስተካክለው ለዚህ ጭምር ነው። ግን ጥያቄ ማንሳት የእኛ ፋንታ ነው። ለጎተንበርግ ሰው የተቆረጠው መጠን ለጎንደር ሰው ልክ ነው ብሎ ማን አረጋገጠ?

ተመሳሳይ ነገር ላይፍ ውስጥም አለ። ያ አቴኖሎልን ያዋረደው ጥናት ውስጥ 533 ጥቁር ተሳታፊዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ አሜሪካውያን። በእነሱ ላይ ውጤቱ ተገላብጦ አቴኖሎል የወሰዱት የተሻሉ ሆነው ተገኙ። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የሎሳርታን የስትሮክ ጥቅም ለጥቁር ሕመምተኞች እንደማይሠራ የሚያመለክት ማስረጃ መኖሩ በማብራሪያው ላይ እንዲሰፍር አድርጓል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ አፍሪካ አሜሪካዊ ሁሉ ኢትዮጵያዊ አይደለም፤ ከዚህ ተነስቶ ትልቅ ድምዳሜ ላይ መድረስ አይገባም። ነገር ግን በ9,193 ሰዎች ስም የወጣ ፍርድ ለሁሉም እኩል እንዳልሆነ ያሳያል። እነዚያ 533 ሰዎች ባይኖሩ ደግሞ ጥያቄው እንኳ አይነሳም ነበር። ከጥናቱ የቀረ ሕዝብ ከመልሱም ይቀራል።

እንግዲህ ምን እንበል?

የፋርማሲስቱን ልጅ አልወቅስም። መድኃኒት በሌለበት ሰው ባዶ እጁን እንዳይመለስ ማሰቡ ደግነት ነው። ባዶ እጅ መመለሱ ራሱ አደጋ አለው፤ ቤታ ብሎከርን፣ በተለይ የልብ ደም ሥሩ የጠበበበት ሰው፣ በድንገት ማቋረጥ ሃርት አታክ ሊጠራ ይችላል። የሚያስቆጣኝ ሌላ ነው። አንዲት ሴት አራት ፋርማሲ ዞራ ምርጫዋ «የለም» እና «አንድ ናቸው» ሲሆን፣ ከእነዚህ ሁለት መልሶች መሐል መኖር የነበረበት አንድ ስልክ ነው፤ ፋርማሲስቱ ሐኪሙን «ይህ ሰው መድኃኒቱን የሚወስደው ለምን ሕመም ነው? በምን ልተካው?» ብሎ የሚጠይቅበት። ማዘዣው ላይ የሕመሙ ስም በሚነበብ ጽሕፈት ቢሰፍር እንኳ ግማሹ ችግር በተቃለለ። ይህ ዶላር አይፈልግም፤ ልማድ እንጂ።

ቤታችሁ ውስጥ የግፊት ወይም የልብ ኪኒን የሚውጥ ሰው ካለ ዛሬ ማታ እሽጉን አንሡና ሦስት ነገር እዩ። ስሙ ማን ነው? ከስሙ ቀጥሎ ያለችው ቃል ምንድን ናት? የታዘዘውስ ለምን ነው፤ ለግፊት ነው፣ ለልብ ድካም ነው ወይስ ለልብ ምት መዛባት? ሦስቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከኪኒኑ ጋር አስቀምጡ። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ግን ምንም ነገር አትቀይሩ፣ አታቋርጡ፤ ጥያቄ ካላችሁ ለሐኪማችሁ አቅርቡ።

አክስቴ አሁን ወረቀቷን መቀነቷ ውስጥ ይዛ ትዞራለች። ባለፈው ሳምንት ሌላ ፋርማሲ ገብታ «አንድ ናቸው» ሲሏት፣ ወረቀቱን ዘርግታ «ለምኑ ነው አንድ የሆኑት፣ ልጄ?» አለች። ልጁ ወረቀቱን አነበበ፣ ጥቂት አሰበ፣ ከዚያ ስልኩን አነሣ።

ቸር እንሰንብት።